አምፕሊፋየሬን ከወለል ላነሱልኝ የደብረ ማርቆስ በያጅ

ይህ ምስጋናም ጥቆማም ነው። በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ በባንድ የምትሠሩ፣ የሠርግ አዳራሽ ያላችሁ፣ የድምፅ መሣሪያ የምታከራዩ ሰዎች ብታነቡት ትጠቀማላችሁ። ለጊታሬ አምፕሊፋየር (ድምፁን የሚያጎላው፣ ስፒከሩ አብሮት ያለ ሣጥን) የብረት መቆሚያ የሠሩልኝና የማመሰግናቸው ሰው ከመናኸሪያው ብዙ ሳይርቅ በአንዲት ጠባብ ብየዳ ቤት የሚሠሩ አዛውንት ናቸው። «ስሜንም ስልኬንም እንዳትጽፍ» ብለውኛልና እዚህ ጋሼ እያልሁ እቀጥላለሁ።

እኔ የምጫወተው ስቲል ጊታር ነው። ሐዋይ ውስጥ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተጀመረ፣ አጋድመው ቁጭ ብለው የሚጫወቱት ጊታር ነው። ጣት ክሩን እንጨቱ ላይ አይጫንም፤ ግራ እጅ የብረት ዘንግ ይዞ በክሮቹ ላይ ይንሸራተታል። አንገቱ ላይ የተሠመሩት መስመሮች ለዓይን ምልክት ብቻ ናቸው፤ ድምፁን በልኩ የሚያቆመው ጆሮ ነው። ትዝታ ሲጫወቱበት አንጀት ይበላል። አንቺ ሆዬ ላይ ግን ምሕረት የለውም፤ በዚያ ቅኝት ውስጥ በግማሽ ድምፅ ብቻ የሚለያዩ ጎረቤታም ድምፆች ስላሉ ዘንጉ ጥቂት ከሳተ ነገሩ ይበላሻል። ስለዚህ ራሱን የማይሰማ ስቲል ጊታር ተጫዋች ከቅኝት መውጣቱ አይቀርም።

እኔም ራሴን አልሰማም ነበር። እኛ ዘንድ መድረክ ማለት ብዙውን ጊዜ በብረት እግር ላይ የተረበረበ ጣውላ ነው፤ ሥሩ ባዶ። አምፕሊፋየር በቀጥታ ሲቀመጥበት መድረኩ ራሱ ከበሮ ይሆናል። ወፍራሙ ድምፅ ከወለሉ ጋር ተባብሮ ይገንናል፣ ይድበሰበሳል። ቀጭኑ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። በ1000 ኸርዝ (በሰከንድ 1000 ጊዜ በሚርገበገብ ድምፅ) የሞገዱ ርዝመት 34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ባለ 12 ኢንች ስፒከር ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያ በላይ የቀጠነ ድምፅ ከስፒከሩ ሲወጣ ወደ ጎን አይዘረጋም፤ እየጠበበ ፊት ለፊት ይሄዳል። ስፒከሩ ወለል ላይ ከሆነ ያ ጥርት ያለው ድምፅ በወንበሬ እግሮች መካከል ሾልኮ ፊት የተቀመጡትን ሚዜዎች ይወጋል። ለእኔ የሚደርሰኝ የታፈነው ነው። ድምፁን ከፍ ላድርግ ስል ዘፋኛችን ዞሮ ያፈጥብኛል።

የተለመደው መላ የቢራ ሳጥን ነው። ሳጥኑ ግን ይንቀጠቀጣል፤ እስክስታው ሲሞቅ ደግሞ ቦታውን እየለቀቀ ይሄዳል። የአሜሪካው ጊታርና አምፕሊፋየር ሠሪ ፌንደር እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ በአንዳንድ ትልልቅ አምፕሊፋየሮቹ ጎን ላይ ሣጥኑን ወደ ኋላ የሚያዘነብሉ እግሮች ይገጥም ነበር፤ የእኔው ግን እግርም የለው። ላሠራለት ብዬ የጠየቅሁት አንድ ብየዳ ቤት «የቴሌቪዥን ጠረጴዛ ግዛ» ብሎ አሰናብቶኛል።

ጋሼ ዘንድ ስደርስ ነገሬን ጨርሼ ሳልናገር አቋረጡኝ። «ልጄ፣ የምትሰማው በጉልበትህ ነው እንዴ?» አሉ። መሣሪያውን ከነአምፕሊፋየሩ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ብየዳ ቤቱ ውስጥ ወንበር ላይ አስቀመጡኝና እንድጫወት አዘዙ። ከዚያ ሜትራቸውን ዘርግተው ከወለሉ እስከ ጆሮዬ ለኩ፦ 1 ሜትር ከ15። ከወለሉ እስከ ስፒከሩ መሐል 28 ሳንቲ ሜትር። ከጆሮዬ እስከ ስፒከሩ በወለሉ ላይ ሲለካ አንድ ሜትር ተኩል። ይህን ሁሉ በጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ሥለው እስኳድራቸውን አስጠጉ። ወለል ላይ እንዳለ በማጋደል ብቻ ጆሮዬ ላይ ለማነጣጠር ወደ 30 ዲግሪ ማዘንበል ሊኖርበት ነው። «ይህ ይወድቃል፤ ባይወድቅም ጣራውን ነው የምታዘፍነው» አሉ።

ታዲያ ለምን እስከ ጆሮዬ ቁመት አናነሣውም አልሁ። መልሳቸው የቃል አልነበረም። ብሎኬት አመጡና አምፕሊፋየሩን አንድ ላይ፣ ከዚያ ሁለት ላይ፣ ከዚያ ሦስት ላይ እያስቀመጡ አጫወቱኝ። አንድ ብሎኬት 20 ሳንቲ ሜትር ነው። ሁለት ላይ ሲሆን ድብስብሱ ጠፋና የክሩ ድምፅ ተለይቶ መጣ። ሦስተኛው ሲጨመር ግን ወፍራሙ ድምፅ ሳሳ፤ ወለሉ የሚሰጠው እገዛ ቀረ መሰለኝ። ሁለቱን መረጥን። 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል የቀረው ማዘንበል 17 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው፤ የማያስፈራ።

መቆሚያው የቱቦላሬ ነው። የኋላ እግሮቹን ከሣጥኑ ጀርባ አልፈው እንዲወጡ አድርገው ነው የበየዱት፤ ያዘነበለ ዕቃ ክብደቱ ወደ ኋላ ስለሚሄድ። አምፕሊፋየሩ 30 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ እሳቸው በትከሻቸው ገፍተው ሞከሩት፣ ንቅንቅ አላለም። አራቱም እግሮች ሥርና የሣጥኑ ማረፊያ ላይ የመኪና ጎማ ቁራጭ አለ፤ ንዝረቱ ወደ ጣውላው እንዳይወርድ።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን አሸዋው ነው። እግሮቹን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ባዶ ቱቦላሬ ይጮኻል። «ይህ ካንተ ጋር ሊዘፍን ነው» አሉና አሸዋ በአሮጌ ምጣድ ላይ አመሱ። እርጥበት ካለበት ውስጥ ለውስጥ ያዝገዋል፣ አፉ ሲበየድ ደግሞ እንፋሎቱ አደጋ ነው። የደረቀውን አሸዋ አቀዝቅዘው በየእግሩ ሞልተው አፉን በላሜራ ዘጉት። እንደገና ሲመቱት ድፍን ያለ ድምፅ ብቻ ወጣ። ለሸክም ከብዷል፤ ዕቃ የሚጭነው ልጃችን እስካሁን ያጉረመርማል፣ እውነቱን ነው።

አቀማመጡ ላይ የድምፅ ባለሙያችንም ድርሻ አለበት። የዘፋኙ ማይክሮፎን ፊቱ ወደ እኛ ስለሆነ ቀና ያለ ስፒከር በቀጥታ ከኋላው ሲቆም ድምፁ ማይክሮፎኑ ውስጥ ይገባል፤ ፉጨትም ያመጣል። ስለዚህ መቆሚያው አሁን የሚቀመጠው መድረኩ ጎን ላይ ሆኖ በአግድም ወደ እኔ ዞሮ ነው። ሉማሜ ላይ ሠርግ ስንጫወት አንቺ ሆዬን ያለ ስጋት ተጫወትሁ፤ ዘፋኛችንም አላፈጠጠብኝም።

ጉድለታቸውን ብደብቅ ጥቆማዬ አይታመንም። ጋሼ ፈጣን አይደሉም፤ በቀጠሯቸው ቀን አልደረሱልኝም፤ ብየዳ ላይ ሳሉ ስልክ አያነሡም። ዋጋቸው ግን ከአንድ ምሽት ድርሻዬ ያነሰ ነው፤ ለአሸዋውም አላስከፈሉኝም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

ቤታቸውን ማወቅ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ እስከ በሩ እወስደዋለሁ። ስትሄዱ አምፕሊፋየሩንና የምትቀመጡበትን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ የተነገራቸውን ልክ አይቀበሉም።