እንጦጦን በግማሽ ቀን፦ ስለ አንድ የጉብኝት አገልግሎት

ከሽሮ ሜዳ ተነሥቶ እንጦጦ ማርያምን፣ የምኒልክን ቤተ መንግሥትና እንጦጦ ፓርክን የሚያካትተው የግማሽ ቀን ጉብኝት በአስጎብኚው ዕውቀት የሚመሰገን፣ በጊዜ አመዳደቡ ግን ሊታረም የሚገባው አገልግሎት ነው።

አስጎብኚው ገለጻውን የጀመረው ቁልቁል ከተማዋ ወለል ብላ ከምትታይበት ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ተራራው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውና ዙሪያውን ለመቃኘት የተመቸ በመሆኑ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ እዚህ ቢከትሙም፣ ብርዱ ስለበረታና ማገዶው እየተመናመነ ስለሄደ፣ እቴጌ ጣይቱም የፍልውሃን አካባቢ ስለወደዱት፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከሥር ተቆረቆረች። ዛሬ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ በዚያን ጊዜ አልነበረም፤ የማገዶ ችግሩን ለማቃለል ከአውስትራሊያ የመጣው ከተማዋ ከተቆረቆረች በኋላ ነው። ይህን ያልሰማ ጎብኚ ነገሥታቱ በዚህ ጫካ መካከል የኖሩ ሊመስለው ስለሚችል፣ አስጎብኚው ይህን አስቀድሞ ማስረዳቱ እጅግ ተገቢ ነው።

ቤተ መንግሥቱ በእንጨትና በጭቃ የታነጸ፣ ግድግዳው ነጭ የተቀባ፣ ከስሙ አንጻር ሲታይ እጅግ ቀላል የሆነ ቤት ነው። ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ከአጠገቡ ባለው በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በግቢው ውስጥ ባለው ሙዚየም የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ አልባሳት ይታያሉ። የሀገርን ታሪክ የሚወድ ሰው በእነዚህ አልባሳት ፊት ረጋ ብሎ መቆም ይፈልጋል፤ እኛ ግን ጥያቄያችንን ሳንጨርስ ወደ መኪናው ተጠራን።

የተረፈው ሰዓት በሙሉ በፓርኩ ካፌ አለፈ። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ለእግር ጉዞና ለልጆች መዝናኛ የሚመች ውብ ስፍራ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ይሁን እንጂ ማንም ቤተሰብ ያለ አስጎብኚ ሊዝናናበት ስለሚችል፣ ለገለጻ የተከፈለው ገንዘብ እዚያ ማለቁ ተገቢ አይደለም።

በዚህ አገልግሎት መጠቀም የሚሻ ሰው ከመክፈሉ በፊት ለቤተ መንግሥቱና ለሙዚየሙ ስንት ሰዓት እንደተመደበ ይጠይቅ፤ ፓርኩም በመጨረሻ እንዲሆን ይስማማ። ጋቢ ወይም ወፍራም ሹራብ መያዝ አይዘንጋ፤ ለቤተ ክርስቲያኑም ነጠላ ያስፈልጋል። በመስከረም 1 ቀን የእንጦጦ ራጉኤል ክብረ በዓል ስለሚውልና መንገዱ በምእመናን ስለሚሞላ፣ ለማንገሥ ካልሆነ በቀር ለጉብኝት ሌላ ቀን መምረጥ ይሻላል።