«በሠለጠነ ተራኪ ይነበብላችኋል» ለሚላችሁ ሰው ሙሉ ክፍያ አስቀድማችሁ አትላኩ

ስለ ሰሜን ሸዋ ታሪክና ባህል የምትጽፉ፣ ጽሑፋችሁንም ዓይናቸው ለደከመ አንባቢዎች በድምፅ ለማቅረብ ያሰባችሁ ሁሉ፣ በደብረ ብርሃን የማሽን (የኮምፒውተር) ንባብ የሰው ነው ተብሎ ተሸጦልኛልና፣ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ይህን ጽፌአለሁ። ስለ አንኮበር፣ ስለ መንዝና ስለ ተጉለት የጻፍኳቸውን 30 መጣጥፎች በሠለጠነ ተራኪ አስነብቦ ሊያስረክበኝ ከተስማማ አንድ ሰው ጋር በ9,000 ብር ተዋዋልኩ፤ ናሙና ሳልሰማ ሙሉውን በቴሌብር መላኬ የራሴ ጥፋት ነው።

ሥራው በሁለት ቀን መድረሱ ሊያጠራጥረኝ ይገባ ነበር። ነገሩን ቀድመው የነቁበት ግን አያቴ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1848 ዓ.ም. «ገና በ11 ዓመታቸው» በአፄ ቴዎድሮስ መወሰዳቸውን የጻፍኩበት ቦታ ላይ፣ ድምፁ «ገና»ን አጥብቆ የበዓሉ ስም አድርጎ አነበበው፤ አያቴም «ምነው ልጄ፣ በገና ዕለት ነው እንዴ የወሰዷቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ፣ ሰው ከዐውዱ የሚለየውን ማሽን በግምት ያነበዋል። ከዚያ ወዲያ በየመጣጥፉ መጨረሻ የምደግማትን የስንብት ዓረፍተ ነገር ከ30ውም ቅጂዎች እየለየሁ አዳመጥኳት፤ በአንዱም ትንፋሽ አልረዘመም፣ ቃና አልተለወጠም። ሰው እንዲህ አድርጎ ሊደግም አይችልም።

አስነባቢ ተብዬውን ስጠይቀው ለማረሚያ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀኝ፤ ደረሰኝም ውልም ስላልነበረኝ ዝም ማለት ግድ ሆነብኝ።

የማሽን ንባብ በራሱ ነውር የለበትም። ማይክሮሶፍት ኤጅ በተባለው ብሮውዘር መቅደስ እና አመሃ የተባሉ ሁለት የአማርኛ ድምፆች አሉና፣ ጽሑፋችሁን ከፍታችሁ ያለ ክፍያ ልታዳምጡ ትችላላችሁ። «ዓ.ም.»ንና «ወ/ሮ»ን በሙሉ ቃል እየጻፈ ጽሑፉን ለማሽን ለሚያመቻች፣ የተበላሸውንም እየሰማ ለሚያርም ሰው የድካሙን መክፈል ተገቢ ነው፤ እኔን ያስቆጨኝ ማሽኑ በሰው ስም፣ በሰው ዋጋ መሸጡ ነው።

ስለዚህ ከመዋዋላችሁ በፊት እናንተው የመረጣችሁትን አንድ አንቀጽ፣ በተለይ «ገና»፣ «ዋና» እና «አለ» የሚሉት ቃላት ያሉበትን፣ አስነብባችሁ ስሙ። ድምፁ የሰው ይሁን የማሽን፣ ስህተት ሲገኝም በማን ወጪ እንደሚታረም በውሉ ላይ ይስፈር፤ ቀሪውን ክፍያም የመጨረሻውን ቅጂ አዳምጣችሁ ሳትጨርሱ አትልቀቁ።