አጥራችሁ ጥላ ከሆነ «ጥላ ይወዳል» ብሎ ቡገንቪሊያ የሚሸጥላችሁን እንዳታምኑ

ሐዋሳ ያላችሁ፣ በተለይ አዲስ ቤት ሠርታችሁ አጥራችሁን ሐረግ ለማልበስ ያሰባችሁ፣ ይቺን አንብባችሁ ግዙ። እኔ 6,000 ብር ከፍዬ ነው የተማርኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የግቢያችን የደቡብ በኩል አጥር ብሎኬት ነው፣ ከላዩ ቆርቆሮ አለው። ከአጥሩ ወዲያ ጎረቤት ፎቅ ሠራ፣ ይሥራ፣ መሬቱ የሱ ነው። ግን ከዚያ ወዲህ አጥራችን ሥር ያለው ቦታ ጨለመብን፣ ግድግዳውም ሻገተ። ሐረግ ይሸፍነዋል ብዬ ሳስብ ሳስብ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ በጋሪ ችግኝ እየገፋ በሰፈራችን አለፈ። ጋሪው ላይ ሮዝ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ ቡገንቪሊያ። ዓይን ይስባል በቃ።

አስገብቼ አጥሩን አሳየሁት። «ጥላ ነው እኮ፣ ይሆናል?» አልኩት።

«ማዘር፣ ይሄ ጥላ ነው የሚወደው። ፀሐይም ይችላል» አለኝ።

ማዘር ሲለኝ መንቃት ነበረብኝ፣ ገና 38 ዓመቴ ነው። አልነቃሁም። 12 ችግኝ በ350 ብር፣ 4,200 ብር። ለጉድጓድ መቆፈሪያና ለፍግ 1,800 ብር። «በሦስት ወር ውስጥ ካልጸደቀ እቀይርልሻለሁ» አለ፣ ያውም በአፉ። በቴሌብር ከፈልኩ፣ እዚያው ተከለልኝ፣ ሄደ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ ይላል። ዝናብ ነው፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፣ አበባውም አልረገፈም። ጎረቤቶች ሁሉ ከየት አመጣሽው እያሉ ጠየቁኝ፣ ስልኩንም ሰጠኋቸው፣ ለዚያ ነው አሁን የበለጠ የሚቆጨኝ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ሲያይል አንዱ ችግኝ ጋደም አለ። ላቀናው ስይዘው ከአፈሩ ተመዞ እጄ ላይ ቀረ። ሥር የለውም። አንዲት ክር የምታህል እንኳ የለችውም። ቅርንጫፍ ተቆርጦ ላስቲክ ውስጥ የተሰካ ነገር ነው። ደንግጬ ሌሎቹን ቀስ እያልኩ ነካካኋቸው፣ ከ12ቱ 7ቱ እንደዚሁ ናቸው።

እንዴት ያን ያህል ጊዜ አላወቅሽም የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። ቡገንቪሊያ ላይ አበባ የምንለው ያ ባለቀለሙ ነገር አበባ አይደለም፣ ቅጠል ነው። እውነተኛ አበባዋ መሐል ላይ ያለችው ነጭ ትንሽዬ ነገር ናት። ባለቀለሙ ቅጠል እንደ ወረቀት ስስና ደረቅ ስለሆነ ተቆርጦም ቶሎ አይጠወልግም። በዚያ ላይ ክረምት ነው፣ እርጥበት አለ፣ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር ሳያወጣ ለሳምንታት አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ልጁ ይህን አሳምሮ ያውቃል። የሚሸጠው አበባ ያለበትን ቅርንጫፍ እየመረጠ ነው፣ አበባ ላይ ያለ ቅርንጫፍ ደግሞ ሥር ለማውጣት ብዙም አይመችም።

ደወልኩለት። «ውሃ አብዝተሽበት ነው» አለኝ። ክረምት ነው፣ ውሃ የሚያበዛው እግዜር ነው አልኩት። በሳምንቱ ስደውል «ውሃ አሳንሰሽበት ነው» አለ። በሦስተኛው ስልኩ አይነሳም።

ከዚህ የከፋው ግን ሥር ያላቸው አምስቱ ናቸው። እነሱ ጸደቁ። ረዘሙ። እሾህና ቅጠል ብቻ ሆኑ እንጂ አንድም ቀለም አላሳዩ። ቡገንቪሊያ የደቡብ አሜሪካ ልጅ ነው፣ ፀሐይ ጠጪ ነው። በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ በደንብ አያብብም። ጥላ ላይ አይሞትም፣ ግን እሾሃማ ገመድ ሆኖ ብርሃን ፍለጋ ወደ ጎረቤት ይሻገራል። የኔ ቀጥ ብሎ ወደ ፎቁ በረንዳ ነው የሄደው፣ አበባው ለሱ እሾሁ ለኔ ሊሆን።

አሁን ስለ ጥላው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔም ራሴን አታልያለሁ። ሰኔ ላይ ልጁን ስጠራው አጥሩ ላይ ትንሽ ፀሐይ ነበር። «ይኸው ፀሐይም አለው» ብሎ አሳይቶኛል። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የእኩለ ቀን ፀሐይ በሰሜን በኩል ሆና ወደ ግቢው፣ ማለትም ወደ ሰሜን የዞረውን የአጥሬን ፊት ታየዋለች፣ ያውም ደመናው ሲፈቅድ። ከመስከረም እስከ መጋቢት ግን ወደ ደቡብ ትዞራለች፣ ከፎቁ ጀርባ ማለት ነው። ያ ደግሞ ሰማዩ የሚጠራበትና ቡገንቪሊያ ከተማውን የሚያቀላበት ወቅት ነው። ስለዚህ በአንድ ወር አይታችሁ አትወስኑ። ኢንተርኔት ላይ «ወደ ሰሜን የዞረ አጥር ሁልጊዜ ጥላ ነው» የሚለውንም ተዉት፣ የአውሮፓ ምክር ነው፣ እኛ ጋ ግማሽ ዓመቱን አይሠራም። ቅዳሜ ቀን ጠመኔ ይዛችሁ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በየሰዓቱ ጥላው የደረሰበትን አጥሩ ላይ ምልክት አድርጉ። ከዚያም በጥቅምት ወይ በኅዳር ድገሙት።

ስትገዙ ደግሞ አበባውን ሳይሆን ላስቲኩን እዩ። ከሥሩ ባሉት ቀዳዳዎች ነጭ ሥር ብቅ ብሎ ይታያል? አፈሩ ረግቷል ወይስ ዛሬ የተሞላ ልል ነው? ግንዱን በሁለት ጣት ይዛችሁ በጣም በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጉት፣ ሥር ያለው ከነላስቲኩ ይነሳል፣ የሌለው ብቻውን ይመጣል። ሻጩ አይነካም ካለ ተዉት። ሥር ያለውንም ቢሆን ላስቲኩን ቀድዳችሁ ከነአፈሩ ትከሉት፣ አፈሩን አታራግፉ፣ የቡገንቪሊያ ሥር ስስ ነው። እኔ ቤት የተከለው ልጅ እንዴት እንደተከለ ቆሜ አላየሁም፣ ቡና ላፈላለት ገብቼ ነበር። ይግረማችሁ።

«ለምን አትከሺም?» ያለኝ አለ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። መብቱማ አለኝ። የሌለኝ ደረሰኝ ነው፣ አድራሻ ነው፣ ትክክለኛ ስም ነው። ቋሚ ቦታ ካለው ችግኝ ጣቢያ ብትገዙ ቢያንስ ተመልሳችሁ የምትጨቃጨቁበት በር አለ።

ጥላ ላይ ምን ይሁን ለምትሉኝ፣ እኔ አሁን ጠምበለል አስገብቻለሁ። የኛው አገር ሐረግ ነው፣ በዱር የሚበቅለው ጫካ ዳር ስለሆነ ከፊል ጥላ ይችላል፣ ነጭ አበባው ይሸታል። በጣም በጨለመው ጥግ ደግሞ ያ ሰው ሁሉ ቤቱ ጠርሙስ ውስጥ የሚያስቀምጠው ፖቶስ አለ፣ ሽቦ ዘርግቼለት ይወጣል። ልጅ ወይ በግ ያላችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ ቅጠሉ ሲታኘክ አፍ ያቃጥላል። ግድግዳ ላይ ራሱ የሚለጠፈውን ባለትንንሽ ቅጠል ፊከስ ብዙ ሰው ይወደዋል፣ ጥላም ይችላል፣ ነገር ግን ቀለምና ልስን ይዞ ይነሳል። ፓሽን ፍሩት ጥላ ላይ ቅጠል ብቻ ነው፣ ፍሬ አትጠብቁ። አዞ ሐረግን ከዱር ነቅላችሁ የምታመጡም ጓንት አድርጉ፣ ቆዳ ያቃጥላል።

አምስቱን ቡገንቪሊያ ጥቅምት ላይ ከነአፈራቸው አስቆፍሬ አዳማ ላለችው እህቴ ላክኋቸው። ሁለቱ መንገዱን አልቻሉም። ሦስቱን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የሚጠብሰው የቆርቆሮ አጥሯ ላይ ተከለቻቸው። ትናንት ፎቶ ላከችልኝ፣ አንዱ ሮዝ ሆኗል።