የዛንዚባር የአንድ ቀን ጉብኝት በቡድን፦ ከተማው፣ ቅመሙ ወይስ ባሕሩ?

ከሰበታና ከዓለም ገና የተሰባሰብን ስምንት ጓደኛሞች በእቁብ ባጠራቀምነው ገንዘብ ነሐሴ ላይ የታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር ደርሰን መጣን። በቡድን ለመዞር የሚሸጡት የአንድ ቀን ጉብኝቶች ብዙ ናቸው፤ እኛ ሦስቱን ሞክረናል። ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ገንዘብና ጊዜ ላላችሁ ይህ ይጠቅማችኋል።

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ከመካከላችሁ ስንት ሰው እንደሚዋኝ ቁጠሩ። ከእኛ የሚዋኙት ሦስት ብቻ ነበሩ። ደጋ ላይ ላደገ ሰው ያስቸግራል፤ ስለዚህ ምርጫውን የማይዋኘው ይወስን እላለሁ።

የባሕሩ ቀን ፉምባ ከሚባል የባሕር ዳርቻ መንደር ይነሳል። በሸራ ጀልባ የሜናይን ባሕረ ሰላጤ ትዞራላችሁ፤ ውሃው ሲሸሽ ብቻ ብቅ በሚል ነጭ አሸዋ ላይ ትወርዳላችሁ፤ ከዚያ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ዓሣና ኮራል ማየት ነው። ዋናተኞቹ ጓደኞቻችን እስከ ዛሬ የሚያወሩት ስለዚህ ቀን ነው። አንዷ ጓደኛችን ግን የለበሰችው መንሳፈፊያ ጃኬት ሰፍቷት ውሃ ውስጥ ወደ ላይ ሲሸሽባት በጣም ደነገጠች፤ ከዚያ በኋላ ከጀልባው አልወረደችም። ሻጩ ጃኬት እንዳለ ነግሮን ነበር። እናንተ በየልካችሁ መኖሩን ጠይቁ፣ ከመነሳታችሁ በፊትም ለብሳችሁ ሞክሩ። ክፍያው በነፍስ ወከፍ ነው፤ ምሳው ከዋጋው ውስጥ ቢሆንም ዓሣና የባሕር ምግብ ይበዛዋል። ፍልሰታን የሚጾሙት ሁለቱ ሩዝና ፍራፍሬ በልተው እንደ ሌላው ከፈሉ። ቀድመው ቢነግሩ ኖሮ የጾም ምግብ ይዘጋጅላቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

የከተማው ቀን ስቶን ታውንን፣ ማለትም የዛንዚባርን አሮጌ ከተማ፣ ከቻንጉ ደሴት ጋር ያጣምራል። ለተደባለቀ ቡድን እኔ ይህንን እመርጣለሁ። ስቶን ታውን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ ቅርስነት ተመዝግቧል። ጠባብ መንገዶቹ ውስጥ፣ የናስ ጉብጉብ የተደረደረባቸው የተቀረጹ በሮች መካከል፣ ማንም ሳይሮጥ ማንም ሳይቀር አብሮ መሄድ ይቻላል። የድሮው የባሪያ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1873 ተዘግቶ በቦታው የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ ጉድጓድ ውስጥ የቆሙ፣ አንገታቸው በሰንሰለት የታሰረ የድንጋይ ሰዎች አሉ። እዚያ ስንደርስ ስምንታችንም ዝም አልን። አስጎብኚው ሊያጣድፋችሁ ቢሞክር እሺ አትበሉት፤ ለዚህ ቦታ ብቻ አንድ ሰዓት ያዙ።

ቻንጉ በሞተር ጀልባ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ደሴቱ ላይ ያለው እስር ቤት እ.ኤ.አ. በ1893 ቢሠራም እስረኛ ሳይገባበት በቢጫ ወባ የተጠረጠሩ መንገደኞች ማቆያ ሆነ። (እኛም ከኢትዮጵያ ስንሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ መያዝ አለብን።) ከሲሸልስ የመጡት ግዙፍ ኤሊዎች ጀርባቸው ላይ ዕድሜያቸው በቀለም ተጽፏል፤ መቶ ዓመት ያለፋቸው አሉ። ቅጠል ታበሏቸዋላችሁ። ጀልባው የሚከፈለው ለጀልባው እንጂ በሰው ስላልነበረ፣ ለስምንት ሲካፈል ቀላል ሆነልን። የደሴቱ መግቢያ ለየብቻ ነው። ምሳም እያንዳንዱ የፈለገውን ስለሚገዛ ጿሚውም ሙስሊሙም አይቸገርም።

የቅመሙ እርሻ ርካሽና አጭር ነው፤ ግማሽ ቀን ይበቃዋል። እናቶቻችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ ግን ቀዳሚው ምርጫ ይሁን። ለሻይ የምንጨምረው ቅርንፉድ ያልፈነዳ የአበባ እንቡጥ መሆኑን ያወቅሁት እዚያ ዛፉ ሥር ቆሜ ነው። ከሰዓት በኋላ ጆዛኒ ጫካን ካከላችሁበት፣ መናገሻ ሱባ ላይ የምናውቀው ጉሬዛ ቀይ ጀርባ ያለው ዘመድ ታያላችሁ፤ ይህ ዝርያ ከዛንዚባር ውጭ አይገኝም።

ባሕሩን የምትመርጡ የውሃውን ሰዓት ጠይቃችሁ ቀን ቁረጡ። ውሃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ልዩነቱ እስከ 4 ሜትር ይደርሳል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ከባድ ዝናብ አለ፤ ሰበታ ጭቃ በሚሆንበት ክረምት ግን እዚያ ደረቅ ነው። እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የውጭ ጎብኚ የ44 ዶላር የደሴቱን ኢንሹራንስ መግዛት ስላለበት በጀታችሁ ላይ ደምሩት።

ቀጠሮ ስትይዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ነው፤ ጀልባ ነጂው «ሳ ምቢሊ» ካላችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቱ ነው። በአስጎብኚው ወረቀት ላይ ያው ሰዓት 8:00 ተብሎ ይጻፋል።