ለጀልባ ተሳቢ የሚገጠም መርገጫ፦ የፊት መሰላል፣ የፓራፋንጎ መርገጫ ወይስ ብየዳ?

ባለፈው ጥቅምት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው የሊሲልቬኒያ ፓርክ፣ ጀልባችንን ከውሃ አውጥተን ተሳቢው ላይ አስቀመጥን። ከጀልባው አፍንጫ ሆኜ የዊንቹን፣ ማለትም ጀልባውን ወደ ተሳቢው እየጠቀለለ የሚስበውን መሣሪያ፣ ማሰሪያ ካየሁ በኋላ እንደ ወትሮዬ የተሳቢውን አንገት ረግጬ ልወርድ ስል እርጥቡ ብረት አንሸራተተኝ። ቁርጭምጭሚቴ ዞሮ ሦስት ሳምንት በክራንች ሄድኩ። አንገት የምለው ከመኪናው ጋንቾ ጋር የሚያያዘውን ረጅም ብረት ነው፤ ስፋቱ ብዙ ጊዜ 3 ኢንች፣ ማለትም 7.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። እርጥብ ጫማ ያደረገ ሰው ከደረት ከፍታ ወርዶ ይህችን የምታህል ነገር ላይ እንዲቆም መጠበቅ የለበትም።

ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ሥራዬ መርገጫ ማወዳደር ሆነ። ጀልባ ያላቸው ጓደኞቼም ያንኑ ጥያቄ ስለሚጠይቁኝ ያገኘሁትን እዚህ ላስቀምጥ።

አብረውኝ ዓሣ የሚያጠምዱ አንድ ጋሼ አሉ። 68 ዓመታቸው ነው፣ አንድ ጉልበታቸውም ቀዶ ጥገና ተደርጎለታል። የትኛው መርገጫ እንደሚሻል ሳማክራቸው፣ «መውጣቱንስ ተንጠላጥዬም ቢሆን እወጣዋለሁ ልጄ። የምፈራው መውረዱን ነው፤ እግሬን የት እንደማሳርፍ አላየውም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን መርገጫ የመዘንኩት በዚህ ነው፦ ፊቱን ወደ ጀልባው አዙሮ የሚወርድ ሰው፣ እግሩ እርጥብ ሆኖ፣ ሳያይ መርገጫውን ያገኘዋል ወይ? እጁስ ምን ይይዛል? ሻጮች የሚያሳዩን ፎቶ ሁሉ ወደ ላይ የሚወጣ ሰው ነው፤ ሰው የሚወድቀው ግን ሲወርድ ነው።

የፊት መሰላል

ይህ ከሁለት እስከ አራት እርከን ያለው፣ ከተሳቢው አንገት ወይም ከዊንቹ ምሰሶ ጋር በዩ ቅርጽ ቡሎኖች ተቆንጥጦ የሚታሰር መሰላል ነው። ፖንቱን የሚባለው፣ ጠፍጣፋ ወለል ኖሮት በቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፈው ጀልባ ያላቸው ሰዎች ከድሮም ያውቁታል። በሩ ከፊት ስለሆነ መሰላሉ ቀጥ ብሎ በሩ ላይ ያደርሳቸዋል። እንደ እኔ ሹል አፍንጫ ያለው የ18 ጫማ አሉሚኒየም ጀልባ ከሆነ ግን መሰላሉ ወደ አንድ ጎን ፈንጠር ብሎ መቆም አለበት። መሃል ላይ ከተገጠመ የዊንቹን እጀታ እንዳይዞር ይከለክላል።

ትልቁ ጥቅሙ የሚታየው ውሃው ዳር ነው። ጀልባ ስታወርዱም ስታወጡም የተሳቢው ጎማዎች ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ደረቅ ሆኖ የሚቀረው አንገቱ ብቻ ነው። የጀልባ መውረጃዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 15 በመቶ ቁልቁለት አላቸው። እንደ ታችኛው ፖቶማክ ውሃው በቀን ውስጥ ከፍና ዝቅ በሚልበት ቦታ ደግሞ የኮንክሪቱ ታችኛ ክፍል አረንጓዴ አልጌ ለብሶ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ከፊት የሚወጣና የሚወርድ ሰው እዚያ መድረስ አያስፈልገውም። ብቻዬን በምሄድበት ቀን፣ ማለዳ ውሃው ቀዝቃዛ በሆነበት ሰዓት፣ እግሬ ሳይረጥብ ጀልባውን አውርጄ እመለሳለሁ።

ሌላው ጥቅም ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ተሳቢው ከመኪናው ተፈትቶ ቤት ደጃፍ ቆሞ እያለ አንድ ከባድ ሰው ከኋላ ቢወጣበት አንገቱ ወደ ላይ ሊነሳ ይችላል፤ ሞተሩ ራሱ ከኋላ ነው ያለው። ከፊት የሚወጣ ሰው ግን አንገቱን ከሥሩ ወደሚደግፈው ክሪክ ይጫነዋል። በእርግጥ የክሪኩ ትንሽ ጎማ እንዳይንከባለል የተሳቢውን ጎማዎች በእንጨት ወይም በድንጋይ ማስደገፍ ግድ ነው።

ድክመቱ ቦታ መሻማቱ ነው። መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳችሁ ተሳቢውን አጥብቃችሁ ስታጥፉ የመኪናው ፓራውልት ጥግ ወደ አንገቱ ይመጣል። የፒክአፑ የኋላ ስፖንዳ ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ይቀርባል። በጣም ወደ ፊት የተገጠመ መሰላል የመጀመሪያው ጥምዝ ላይ ይጨፈለቃል፣ ወይ ስፖንዳውን ይዞት ይሄዳል። በተጨማሪም እርከኑ ከአንገቱ ወደ ጎን በራቀ ቁጥር የሰውየው ክብደት ማሰሪያውን የመጠምዘዝ ኃይሉ ይጨምራል። ስለዚህ በሁለት ቦታ የታሰረ፣ ማለትም ከታች ከአንገቱ፣ ከላይ ደግሞ ከዊንቹ ምሰሶ ጋር የተያያዘ፣ በአንድ ቦታ ብቻ ከታሰረው በእጅጉ ይሻላል።

ዋጋውን ሳጠያይቅ ያገኘሁት ከ150 እስከ 300 ዶላር ነው። የልዩነቱ ዋና ምክንያት የእጅ መያዣው ነው፤ በእኔ እምነት ገንዘቡ የሚወጣው ለእሱ ነው። መያዣው ከጀልባው ጠርዝ በላይ ካልወጣ፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ እግሩን ወደ ታች ሲልክ የሚይዘው ነገር አይኖርም። መያዣ የሌለው ባለ አራት እርከን መሰላልና ጥሩ መያዣ ያለው ባለ ሁለት እርከን ቢቀርቡልኝ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አንገቱ ላይ የሚታሰር ነጠላ መርገጫ

ከ50 እስከ 100 ዶላር ይገኛል፣ በግማሽ ሰዓት ይገጠማል፣ ቦታም አይሻማም። አፍንጫው ዝቅ ላለ ጀልባ ይበቃል። የጀልባው ጠርዝ ከመሬት 1 ሜትር ከ20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን አንድ እርከን ግማሽ መንገድ ላይ ጥሎ ይሄዳል። ምቹ የሚባለው የእርከኖች ርቀት 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ40 በላይ ሲሆን ጉልበቱን የሚያመው ሰው ያማርራል። ሁለት ነጠላ መርገጫ ገዝቶ አንዱን ከአንገቱ፣ ሌላውን ከዊንቹ ምሰሶ ማሰር ይቻላል። አንድ ጓደኛዬ እንዲህ አድርጎ ረክቷል፣ ዋጋው ግን ሲደመር ከመሰላሉ ብዙም አልራቀም።

የፓራፋንጎ መርገጫ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ ሲባክን ያየሁት። ፓራፋንጎ ራሱ የሚሠራው ከስስ ቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ ስለሆነ ሰው እንዲሸከም አልታሰበም፤ ላዩ ላይ ሻካራ ፕላስተር መለጠፍ ጥንካሬ አይጨምርለትም። ሲጎብጥ ጎማውን መንካት ይጀምራል፣ ይህን የምታውቁት ደግሞ አውራ ጎዳና ላይ ላስቲክ ሲሸታችሁ ነው። ትክክለኛው መርገጫ ከፓራፋንጎው ጋር ሳይሆን ከሻሲው ጋር በራሱ ክንድ የሚታሰረው፣ ከጎማው ፊት ወይም ኋላ የሚቀመጠው ነው።

እሱም ቢሆን ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ በዋና አውራ ጎዳናዎች ላይ የተሽከርካሪ ስፋት ገደብ 102 ኢንች፣ ማለትም 2.59 ሜትር ነው። ተሳቢው ሰፊ ከሆነ ወደ ጎን የሚወጣ መርገጫ ከዚያ እንዳያልፍ መለካት አለበት። ከሁሉ በላይ ግን የጎን መርገጫ ውሃው ዳር አይጠቅምም፤ ጎማው ባለበት ውሃ አለ። ጎኑ ከፍ ባለ ጀልባ ላይ ደግሞ እግርን ከፍ አድርጎ ጠርዙን መሻገር ይጠይቃል። ጋሼ አንዴ ሞክረውት ጉልበታቸውን ይዘው ተመለሱ።

ለማን ይሆናል? ባስ የሚባለው ዓሣ የሚጠመድበት፣ ጎኑ ዝቅ ያለ ጀልባ ላለው፣ ወደ ጀልባው የሚወጣውም ቤት ደጃፍ ባትሪ ለመሙላት፣ ለማጽዳትና ሸራ ለማልበስ ለሆነ ሰው ጥሩ ነው።

ከኋላ ያለው የመዋኛ መሰላልና የቤት መሰላል

«ጀልባው የራሱ መሰላል አለው አይደል?» የሚሉ አሉ። የመዋኛ መሰላል ውሃ ውስጥ ያለን ሰው ለማውጣት የተሠራ ነው። ጀልባው ተሳቢ ላይ ሲሆን የታችኛው እርከኑ ከመሬት ከፍ ብሎ ይንጠለጠላል፣ ይወዛወዛል፣ አጠገቡም የሞተሩ ስለታም ክንፍ አለ። ቤት ውስጥ ያለው ባለ ሦስት ደረጃ መሰላል ከዚያ ይሻላል፣ ወለሉ ደልዳላ ከሆነ። ተዳፋት ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከር።

በያጅ ጋ መውሰድ

የሀገር ቤት ልማዳችን ስለሆነ እኔም መጀመሪያ ያሰብኩት ይህንን ነው፤ ብረት ገዝቶ በራስ ልክ ማስበየድ። በልክ መሠራቱ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ በተለይ ተሳቢው የተለየ ቅርጽ ካለው። ነገር ግን የጀልባ ተሳቢ ተራ ብረት አይደለም። አብዛኛው ዚንክ የተነከረ ነው። ሲበየድ ዚንኩ ይቃጠላል፤ ጭሱ በያጁን ለትኩሳት ይዳርጋል፣ የተቃጠለው ቦታም ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝገት ይጋበዛል። በዚንክ ቀለም መሸፈን ይረዳል እንጂ እንደ መጀመሪያው አያደርገውም። ተሳቢው አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ የብየዳው ሙቀት በዙሪያው ያለውን ብረት ያለዝበዋል። አንገት ማለት ጀልባውን በሙሉ የሚጎትት ክፍል ነው፣ መለዘብ የሌለበት እሱ ነው። አንገቱን መብሳትም ያው ነው፤ ቀዳዳው ጥንካሬ ይቀንሳል፣ ውሃም በዚያ ይገባል። ተቆንጥጦ የሚታሰር ነገር እያለ ወደ ብየዳና ወደ መብሳት የምሄድበት ምክንያት አላገኘሁም።

ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ያዙ

የአንገቱን ስፋትና ቁመት ለየብቻ ለኩ። 2 በ3፣ 3 በ3 እና 3 በ4 ኢንች ሁሉም አሉ፤ የዩ ቡሎኑ በግማሽ ኢንች ካነሰ አይገባም፣ ከሰፋ ደግሞ ይዞራል። የዊንቹን ምሰሶም እንዲሁ። ከዚያ ጀልባው ተሳቢው ላይ እያለ ከመሬት እስከ አፍንጫው ጠርዝ ያለውን ከፍታ ለኩ፤ ከዚህ ላይ ነው የእርከኖቹ ቁጥር የሚወጣው። መጨረሻ ላይ ሰፊ ባዶ ቦታ ፈልጉና መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳችሁ ተሳቢውን እስከምትችሉት እጠፉት፣ አንድ ሰው ወርዶ ከፓራውልቱ እስከ አንገቱ የቀረውን ክፍተት ይለካ። በሁለቱም በኩል አድርጉት። የክሪኩ እጀታ የሚዞርበትንም ቦታ አትርሱ። እኔ ይህን ባላደርግ ኖሮ የመጀመሪያ ምርጫዬ የነበረውን መሰላል ገዝቼ መልሼ ልልከው ነበር።

የሚሸከመው ክብደት በፓውንድ ይጻፋል፤ 300 ፓውንድ 136 ኪሎ ነው። የሰውየውን ክብደት ብቻ አታስቡ፣ የበረዶ ሣጥን ይዞ የሚወጣ አለ።

ስለ ብረቱ ዓይነት ካነሳን፣ ውሃችሁ ጨው ከሌለው ብዙም አትጨነቁ። የባሕር ጨው ወደሚገባበት ቼሳፒክ ቤይ የምትወርዱ ከሆነ ግን ቀለም የተቀባ ተራ ብረት አትግዙ፤ ቀለሙ አንድ ቦታ ከተላጠ ዝገቱ ከሥር ይሄዳል። ዚንክ የተነከረ ብረት ወይም አሉሚኒየም ይሁን። አሉሚኒየም መሰላል በማይዝግ ብረት ቡሎን ሲታሰር ሁለቱ ብረቶች በጨዋማ ውሃ ውስጥ ተነካክተው አሉሚኒየሙ ይበላል። በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላ አስገቡ፣ ከጉዞ በኋላም በንጹሕ ውሃ እጠቡት። የእርከኑ ፊት ቀዳዳ ያለውና ጥርስ ያወጣው ውሃና ጭቃ ያሳልፋል፤ የተለጠፈ ላስቲክ ግን በሁለተኛው ዓመት ጫፉ ይነሳል።

እኔ በመጨረሻ የገዛሁት ባለ ሦስት እርከን አሉሚኒየም የፊት መሰላል ነው፣ ረጅም መያዣ ያለው፣ ከአንገቱና ከምሰሶው ጋር የታሰረ። ለመግጠም ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ዳዶዎቹ ውስጣቸው ፕላስቲክ ያለባቸው፣ በንዝረት የማይላሉ ናቸው፤ እንዲያም ሆኖ ከመጀመሪያው 50 ማይል በኋላ ስፈትሽ ሁለቱን ሩብ ዙር ያህል ማጥበቅ አስፈልጎኛል። ጋሼ መጀመሪያ ሲወርዱ መያዣው ዝቅ ብሎባቸው ስለነበር ፈትተን 10 ሴንቲ ሜትር ከፍ አደረግነው። አሁን ፊታቸውን ወደ ጀልባው አዙረው፣ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ የማንንም እርዳታ ሳይጠይቁ ይወርዳሉ።