የተጣበቀ ወይስ የተሰፋ? ከከተማ ዳር ለምንኖር ሰዎች የቆዳ ጫማ ንጽጽር

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ገላን ወይም አቃቂ የምትኖሩ ሰዎች ክረምት ጫማን ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። መሬቱ ዋልካ ነው። ሲረጥብ እግር ይይዛል፤ እግራችሁን ስታነሱ ሶሉን ወደ ታች ይጎትታል። ጭቃውን አልፋችሁ ዋናው መንገድ ላይ ስትወጡ ደግሞ ኮብልስቶኑ ይጠብቃችኋል። ቦሌ መንገድ ላይ ሁለት ዓመት የሚቆይ ጫማ እኛ ሰፈር አንድ ክረምት አይዘልቅም።

ስለዚህ ከዳር የሚኖር ሰው የቆዳ ጫማ ሲገዛ መጀመሪያ ማየት ያለበት ሶሉ ከላይኛው ቆዳ ጋር እንዴት እንደተያያዘ ነው። ቀለሙ፣ ሞዴሉ፣ የተጻፈበት ስም ከዚያ በኋላ ይመጣል። ብዙ ሰው ግን ቆዳውን ብቻ አሽቶ ይገዛል።

በማስቲሽ የተጣበቀ

ሱቅ ውስጥ የምታገኙት አብዛኛው ጫማ ይህ ነው። ቆዳው ይቆረጣል፣ ይሰፋል፣ የእግር ቅርጽ ባለው ፎርማ ላይ ይወጠራል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከስር ይጣበቃል። ከዚያ ሶሉ የሚያርፍበት ቦታ ይፋቃል። ጫማው ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወሰነው እዚች መፋቅ ላይ ነው። የቆዳው ቀለምና ልባስ በደንብ ካልተነሳ ማስቲሹ የሚይዘው ልባሱን ነው። ልባሱ ሲነሳ ሶሉም አብሮ ይነሳል።

ቀጥሎ ሶሉም ቆዳውም ማስቲሽ ይቀባሉ። ማስቲሹ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ በሙቀት እንደገና ይለሰልሳል፣ ከዚያ ሁለቱ ተገጥመው በማሽን ይጨመቃሉ። ማሽን የሌለው ትንሽ ወርክሾፕ በእጅና በመዶሻ ይሠራዋል። በጥንቃቄ ከተሠራ እሱም ይይዛል። ችግሩ ችኮላ ነው። የበዓል ሰሞን ትእዛዝ ሲበዛ ማስቲሹ ሳይደርቅ የሚገጠም ጫማ አለ።

ይህን ስል የተጣበቀ ሁሉ መናኛ ነው ማለቴ አይደለም። ዱከም እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው የቻይናው ጫማ አምራች ሁዋጂያን ለውጭ ገበያ የሴት ጫማ ሲያመርት ቆይቷል፤ የሴት ጫማ ደግሞ በየትኛውም አገር በአብዛኛው የሚሠራው በማጣበቅ ነው። ቀላል ነው፣ በደንብ ይታጠፋል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ከቤት ወጥቶ ታክሲ ውስጥ ገብቶ ቢሮ በር ላይ ለሚወርድ ሰው ከበቂ በላይ ነው።

ስትመርጡ ጫማውን ጣቶች በሚታጠፉበት ቦታ ላይ በሁለት እጅ እጠፉት። በሶሉና በቆዳው መካከል ያለው መስመር ከከፈተ መልሱት። የአፍንጫውን ጫፍም በአውራ ጣት ገፋ አድርጉት፤ ሶል መላቀቅ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

የተሰፋ

በብዛት የሚያጋጥማችሁ ሦስት ዓይነት ስፌት ነው። ልዩነታቸው ትልቅ ስለሆነ ሻጩ «ስፌት ነው» ስላለ ብቻ አትርኩ።

የመጀመሪያው ጎኑ የተሰፋ ነው። ሶሉ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ቆዳውን ከጎን ያቅፈዋል፣ ክሩም ዙሪያውን ጎኑን በስቶ ያልፋል። ለእኛ ሰፈር የምመርጠው ይህን ነው። ማስቲሹ ቢለቅ እንኳ ክሩ ይይዛል። ክሩ ቢበጠስ ደግሞ ማንኛውም ወስፌ የያዘ ጫማ ሰፊ መንገድ ዳር ቁጭ ብሎ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሰፋው ነው። አሜሪካዊው ላይማን ብሌክ እ.ኤ.አ. በ1858 ማሽኑን ካስመዘገበ ወዲህ በስሙ «ብሌክ» ይባላል። እጃችሁን ጫማው ውስጥ ስትከቱ ክሩን ትዳስሱታላችሁ፣ ሽፋን ካልተደረገበት። ቀጭንና ያማረ ጫማ ይወጣዋል። ነገር ግን ስፌቱ ከታች እስከ እግራችሁ ድረስ ስለሚያልፍ ሶሉ ሲረጥብ ውሃ በቀዳዳዎቹ ይገባል። ለሠርግ ይሁን፤ ለሐምሌ አይሆንም።

ሦስተኛው ጉድይር ዌልት የሚባለው ነው። የሚሰፋበት ማሽን ስሙን ያገኘው ከቻርልስ ጉድይር ልጅ ነው፤ አባትየው ጎማን በድኝና በሙቀት የማጠንከርን ዘዴ ያገኘው ሰው ነው። እዚህ ላይ ላይኛው ቆዳ ጫማውን ዙሪያውን ከሚዞር ቀጭን የቆዳ ጥብጣብ ጋር ይሰፋል፣ ሶሉ ደግሞ ከጥብጣቡ ጋር ብቻ ይሰፋል። ሶሉ ሲያልቅ ላይኛው ሳይነካ ይቀየራል። ውሃም በቀላሉ አያስገባም። ከሦስቱ ጠንካራው እሱ ነው፤ ግን ይከብዳል፣ በጣም ይወደዳል፣ ሶሉን በወጉ የሚቀይርላችሁ ባለሙያም በየሰፈሩ የለም። ጠጋኝ ከሌለ ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት አይታየኝም።

አንድ ማታለያ አለ፤ ተጠንቀቁ። አንዳንድ ሶል ላይ ያለው ስፌት ጌጥ ነው። ወይ ከሶሉ ጋር አብሮ በቅርጽ የወጣ ነው፣ ወይ ክሩ ሶሉን ብቻ ሰፍቶ ቆዳውን አልነካውም። ጎኑ የተሰፋ ጫማ ከሆነ የውስጡን ሽፋን ገለጥ አድርጋችሁ ክሩ ወደ ውስጥ መግባቱን እዩ።

መሃል ላይ ያለ ምርጫ

ሙሉ በሙሉ የተሰፋ ለመግዛት አቅም ካልፈቀደ፣ ጥሩ ቆዳ ያለው የተጣበቀ ጫማ ግዙና ሳይለበስ ጎኑን አሰፉት። ብዙ ሰው ይህን የሚያደርገው ሶሉ ከተላቀቀ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጭቃና አቧራ ስለገባ ማስቲሹም መልሶ አይይዝም። ግን ሶሉ ጎማ መሆን አለበት። ቀላልና ስፖንጅ የሚመስለውን ሶል ክር ይቆርጠዋል።

ሶል ካነሳን አይቀር፣ ጎማ ይከብዳል ግን እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ብዙም አያንሸራትትም። ደረቅ ፕላስቲክ ሶል ደግሞ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ድንጋይ ይሆናል፣ ያንሸራትታልም። ልጅ ወይም ሽማግሌ ላለበት ቤት አልመክርም። የቆዳ ሶል ውሃ ይጠጣል፤ እኛ ሰፈር ቦታ የለውም።

ቆዳው

የከብት ቆዳ ወፍራም ስለሆነ በማሽን ለሁለት ይሰነጠቃል። ፀጉር የነበረበት የላይኛው ክፍል ጠንካራው ነው። የታችኛው ቃጫው የላላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ፕላስቲክ ይለበስበታል፤ አዲስ ሳለ ያብረቀርቃል፣ ትንሽ ቆይቶ በሚታጠፍበት ቦታ ይላጣል። «ጀንዩን ሌዘር» የሚለው ማህተም ሁለቱንም አይለይላችሁም።

በአውራ ጣት ጫን በሉት። የላይኛው ቆዳ ጥቃቅን መስመር አውጥቶ ይመለሳል። በፕላስቲክ የተሸፈነው ጎድጎድ ብቻ ይላል። የተቆረጠ ጠርዝ ካገኛችሁ ደግሞ እሱ ሁሉን ይናገራል፦ ቆዳ ቃጫ ነው፣ ሰው ሠራሹ ከስሩ ጨርቅ አለው። ላይተር አብርቶ «እዩት አይቃጠልም» የሚል ሻጭ ቢገጥማችሁ እሳቱ ምንም አያረጋግጥም፤ ለአፍታ ቢነካው ቆዳውም ሰው ሠራሹም ላይቃጠሉ ይችላሉ።

የአገራችን ቆዳ ላይ የእሾህ ጭረት፣ የመዥገርና የእከክ ምልክት ብዙ ነው። ፋብሪካው ይህን ለመሸፈን ፊቱን ይፍቅና ቀለም ያለብሰዋል። ስለዚህ ትንሽ ጠባሳ የሚታይበት ጫማ ስታዩ አትሽሹ፤ ፊቱ ያልተፋቀ መሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ምልክት ነው። የተፋቀውም ቢሆን ለተማሪ ልጅ ይበቃል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳልና።

የፍየል ሌጦ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ ነው፤ ለሴት ጫማና ለገበር ያምራል። የበግ ሌጦአችን በዓለም የታወቀው በጓንት ነው። እንደ ጓንት ለስላሳ ነውና ጭቃ ለሚረግጥ ጫማ አትምረጡት።

ሸራ ተራ፣ የፋብሪካ ሱቅ ወይስ ሳልቫጅ?

መርካቶ ሸራ ተራ ብትሄዱ ከሠሪው ጋር መነጋገር ትችላላችሁ። «ጎኑን ስፋልኝ፣ የጎማ ሶል አድርግልኝ» ማለት የሚቻለው እዚያ ነው። የፋብሪካ ሱቅ ውስጥ ቁጥሩ የተስተካከለ፣ አጨማመቁም በማሽን ነው፤ ግን ያለውን ብቻ ትወስዳላችሁ። ለሥራ ጫማ የፋብሪካውን፣ ለክረምት ሸራ ተራ ያዘዝኩትን እመርጣለሁ።

ሳልቫጅ ላይ የሚያምር የውጭ ጫማ ይገኛል፣ ቆዳውም ብዙ ጊዜ ምርጥ ነው። ነገር ግን ፖሊዩሬቴን የሚባለው ቀላል ሶል ሳይለበስም ከአየር እርጥበት የተነሳ ውስጡ ይበላል። ለዓመታት የተቀመጠ ጫማ በዓይን ሲያዩት ደህና ነው፣ ሲረግጡት እንደ ደረቅ ዳቦ ይፈረፈራል። ከመክፈላችሁ በፊት ተረከዙ አካባቢ ሶሉን በጥፍር ጫን በሉት። ከተጣበቀባችሁ ወይም ከተፈረፈረ ተዉት። ቆዳው በጣም ከማረካችሁ ደግሞ የአዲስ ጎማ ሶልና የስፌት ዋጋ ከጫማው ዋጋ ላይ ቀንሳችሁ ተከራከሩ።