የነርቭ ክሊኒኩ፦ ለሐኪሟ አምስት ኮከብ፣ ለእንግዳ መቀበያው አንድ

ሥራዬ ልብስ ስፌት ነው። በእጄ ነው የማድረው። የቀኝ እጄ ጣቶች ሌሊት እየደነዘዙ ከእንቅልፌ ሲቀሰቅሱኝ፣ ቀን ደግሞ መርፌ ከእጄ ሹልክ እያለ ሲወድቅብኝ፣ ወደ ነርቭ ክሊኒክ ሄድኩ። እህቴም ራስ ምታቷን ይዛ ተከተለችኝ። "ክሊኒኩ እንዴት ነው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ አንዴ ጽፌው ልገላገል። ስሙን ግን አልጠራም፤ የምወቅሰው አለኝና።

በሐኪሟ ልጀምር። በዕድሜ ከእኔ በጣም ታንሳለች። በሥራዋ ግን እንከን አላወጣሁላትም። ገና ከመቀመጤ "እንዴት ጀመረዎት?" አለችኝ። በድንገት ነው ወይስ ቀስ እያለ? ይሄዳል ይመጣል? ሌሊት ይብሳል? እጅዎን ሲያራግፉት ይሻልዎታል? እኔ ምን ያህል እንደሚያመኝ ላወራ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷን ያሳሰባት አጀማመሩ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ሳትሰለች አስረዳችኝ። በቅጽበት የአካልን አንድ ጎን የያዘ መደንዘዝ ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ከእግር ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ እየወጣ ጉልበት የሚያሳጣ ድካም ደግሞ መተንፈሻን እስከ መያዝ ሊደርስ ይችላል፤ እሱም ቀጠሮ አይጠብቅም። በወራትና በዓመታት ሁለቱንም እግር የሚያደነዝዘው ብዙ ጊዜ የስኳር በሽታ ነው፤ አንዳንዴም የቫይታሚን ቢ12 እጥረት። ያ ሐኪም ያስፈልገዋል እንጂ በሌሊት አምቡላንስ አያስጠራም።

"ትንሿ ጣቴ ግን ደህና ናት" ስላት ዓይኗ በራ። ጥጥ አነሳችና የቀለበት ጣቴን በግራም በቀኝም ጎኑ ዳሰሰችው። በመሃል ጣት በኩል ያለው ጎን ደብዛዛ ነው። በትንሿ ጣት በኩል ያለው ጥርት ብሎ ይሰማኛል። አንድ ጣት፣ ሁለት ስሜት! ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ጣት ስሰፋ ለሁለት የተከፈለ መሆኑን አላውቅም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በእጅ አንጓ ጠባብ መተላለፊያ የሚያልፈው ነርቭ አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሃል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ነው የሚያዳርሰው። ትንሿ ጣትና የቀረችው ግማሽ በክርን በኩል ለሚመጣ ሌላ ነርቭ የተሰጡ ናቸው። የእጆቼን ጀርባ አጋጥሜ አንጓዬን አጥፌ ለአንድ ደቂቃ ያህል እንድቆይ አደረገችኝ። ደቂቃው ሳይሞላ ጣቶቼ መጠዝጠዝ ጀመሩ። ካርፓል ተነል ሲንድሮም ይሉታል። ልብስ ሰፊዎችና ነፍሰ ጡሮች ላይ እንደሚያዘወትር ነገረችኝ።

በዚህ አላበቃችም። ጉልበቴን በጎማ መዶሻ መታች። የእግሬን መዳፍ ጫረች። ተረከዝና ጣት እያገጣጠምኩ እንድራመድ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሁለት እጄን ወደ ፊት እንድዘረጋ አዘዘችኝ። "ያመመኝ እኮ እጄ ነው" ብላት "አንጎልዎና የጀርባ ሰረሰርዎ ደህና መሆናቸውንም ልወቅ" አለች። ኤምአርአይ እንድታዝልኝ ጠይቄያት ነበር። ለዚህ አያስፈልግም ብላ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ አዘዘችልኝ። ምርመራው ቆዳ ላይ አነስተኛ ኤሌክትሪክ እየላከ ነርቩ መልእክቱን በምን ፍጥነት እንደሚያደርስ ይለካል። ሲነካ ላስቲክ ወጥረው ሲለቁበት ዓይነት ነው፤ ይቆነጥጣል እንጂ አያስጮህም። የውጤቱን ወረቀት የሰጠኝ ባለሙያ ግን ቃል አልተነፈሰም። ቁጥሮቹን ይዤ ተመልሼ ሐኪሟ በር ላይ መቆም ነበረብኝ።

የእህቴ ነገር ሌላ ነው። ማይግሬን እንዳለባት ታውቃለች። ሊይዛት ሲል ዓይኗ ላይ የሚያብረቀርቅ የተሰባበረ መስመር ይታያታል። ቀስ እያለ ይሰፋና ከአንድ ሰዓት በታች ቆይቶ ይጠፋል፤ ከዚያ ግማሽ ራሷ ይፈነዳል። ሐኪሟን ያስጨነቃት ግን መስመሩ አልነበረም። "ማስታገሻ በወር ስንት ቀን ትወስጃለሽ?" አለቻት። እህቴ ጣሪያ ጣሪያውን አየች። ተራው ማስታገሻ እንኳ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ከሦስት ወር ለበለጠ ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ለማይግሬን ተብለው የተሠሩት ትሪፕታኖች ደግሞ ገደባቸው ዝቅ ይላል፤ 10 ቀን ይበቃቸዋል። እህቴ ወደ ቤት ስንሄድ አኩርፋ ነበር። መድኃኒት ፍለጋ ሄዳ መድኃኒት ቀንሺ ተብላ ስትመለስ ምን ታድርግ!

ከክሊኒኩ ሁሉ የወደድኩት ስንወጣ የሚሰጡትን አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በሽታ በስም አይዘረዝርም። ዛሬውኑ የሚያስኬደውንና ቀጠሮ የሚበቃውን ይለያል። በደቂቃ ውስጥ ጣራ የሚነካ፣ በሕይወትህ አይተኸው የማታውቀው ራስ ምታት፦ ዛሬ፣ አሁን፤ አንጎል ዙሪያ ደም ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት ከትኩሳትና ከአንገት መገተር ጋር፦ አሁን። ዕድሜው ከ50 ያለፈ ሰው አዲስ ራስ ምታት ጀምሮት ሲያኝክ መንጋጋው ካመመው ወይም ፀጉሩን ሲያበጥር የራስ ቅሉ ቆዳ ከቆጠቆጠው፣ ዓይኑ ሳይጠፋ መታየት አለበት። ይህችን ብዙ ሰው አያውቃትም። ለብቻዋ በሳጥን ውስጥ መጻፏን ወድጄዋለሁ። የወገብ ሕመም ኖሮ በጭን መሃል መደንዘዝና ሽንት አልወጣ ማለት ከተጨመረበትም ማደር የለም። ሰው ወድቆ ሲንቀጠቀጥ ደግሞ ሰዓት ተመልከቱ፣ በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ አምቡላንስ ጥሩ ይላል።

ማዞር ላይ ወረቀቱ ረጋ ያለ ነው። አልጋ ላይ ስትገላበጥ ብቻ ለጥቂት ሰኮንድ የሚያሽከረክር ማዞር ብዙ ጊዜ ከውስጠኛው ጆሮ ነው። ሐኪም ራስህን እያዟዟረ ሊያስተካክለው ይችላል። ነገሮች ሁለት ሆነው ከታዩህ፣ ምላስህ ከተሳሰረ ወይም መቆም ካቃተህ ግን ያ የጆሮ ጉዳይ ላይሆን ይችላል፤ ድንገተኛ ክፍል ነው።

አንድ ጉድለት አግኝቼበታለሁ። ስለ ስትሮክ ሲጽፍ የፊት መጣመም፣ የእጅ መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ ብሎ አቆመ። "መጥቶ በራሱ ቢጠፋስ?" የሚለውን ዘሎታል። ሰው የሚዘናጋው እኮ እዚያ ላይ ነው። አፉ ተጣምሞ በሩብ ሰዓት ውስጥ ሲመለስለት "አለፈልኝ" ብሎ ይተኛል። ዋናው ስትሮክ ግን ከዚያ በኋላ ሊከተል ይችላል፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት አስፈሪ ናቸው። በእኔ ቅጂ ላይ በእስክሪብቶ ጨምሬዋለሁ። ፊደሉንም ተለቅ ያድርጉት፤ የሚያነበው እኮ ዓይኑ የደከመ ሰውም ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ጨዋ ናት፣ ፈገግታዋም አይጠፋም። ግን ለሁሉም ሰው አንድ መልስ ነው ያላት፦ "ቁጥር ይውሰዱና ይቀመጡ።" ተራ ስንጠብቅ አንድ ሰውዬ በሚስቱ ተደግፈው ገቡ። የአፋቸው አንድ ጎን ወርዷል። ሚስትየው "ጠዋት ደህና ነበሩ" እያለች ትለምናለች። ልጅቷ ቁጥር ሰጠቻቸው! ሰውዬው ወረቀቷን ሊቀበሉ ቢሞክሩ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ወለሉ ላይ ወደቀች። ደግነቱ አንዲት ነርስ በዚያ ስታልፍ አየች። ወረቀቷን አላነሳችላቸውም። ወደ ሚስትየው ዞራ "ደህና ሆነው መጨረሻ ያየሻቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?" አለች። ሰዓቱን መዳፏ ላይ ጻፈችና ተሽከርካሪ ወንበር አስመጥታ ወደ አምቡላንሱ ይዛቸው ወጣች።

የዚያች ጥያቄ ዋጋ በኋላ ነው የገባኝ። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ምልክቱ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የሚቆጠረውም በሽተኛው ደህና ሆኖ ለመጨረሻ ጊዜ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ ነው። እርግጥ ፊት የሚጣመመው በስትሮክ ብቻ አይደለም። የፊት ነርቭ ብቻውን ሲታመምም ይጣመማል፤ ያኔ ብዙውን ጊዜ ግንባርም አብሮ አልንቀሳቀስ ይላል። ይህን መለየት ግን የሐኪም ሥራ ነው፣ የቁጥር አዳይ አይደለም። የልጅቷም ጥፋት አይደለም፤ ያላሠለጠኗት ናቸው የሚወቀሱት። ያንኑ የራሳቸውን ወረቀት ጠረጴዛዋ ላይ ቢለጥፉላት ምን ይጎድልባቸዋል?

ለሚሄድ ሰው፦ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ጻፉና ያዙ። ቤተሰባችሁ ውስጥ የሚንቀጠቀጥ ወይም ራሱን የሚስት ሰው ካለ፣ ሲጀምረው ሌላ ሰው እየረዳው በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። ሐኪሟ ከሺህ ቃል እሱን እንደምትመርጥ ነግራናለች። ማይግሬን ያለበት ሰው መነጽር ይያዝ፤ የመጠበቂያው ክፍል አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። የነርቭ ክሊኒክ ውስጥ!

ለእኔ ያዘዙልኝ ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ነው። በእሱ ካልተሻለኝ መርፌ አለ፤ የአውራ ጣቴ ሥር ጡንቻ መሟሸሽ ከጀመረ ደግሞ ቀዶ ሕክምና። እስካሁን ማሰሪያው እየሠራልኝ ነው፣ ሌሊቱን እተኛለሁ። የሰጡኝ ግን ለእኔ እጅ ሰፊ ስለነበር አንጓዬ ውስጡ ይታጠፍ ነበር። ጎኑን ተርትሬ ራሴ አጠበብኩት። ለሱ ግማሽ ኮከብ ቀንሻለሁ።